አስነጋሪ ያጣ ግጥም

ባለፈው ዓመት ነው፤ አንድ ማታ። አባል በሆንኩበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ ልጅ ሁለት ስንኝ ለጠፈ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሌሊቱ ረዘመ፣
ልቤም እንደ ድሮ በደስታ መሳቁን አቆመ።

ወዲያው ልብና ጭብጨባ ዘነበ። «ብዕርህ አይንጠፍ» አለ አንዱ። «ዋው» አለች ሌላዋ። «ቃላት አጠሩኝ»፣ «ልብ ይነካል»፣ «ምርጥ ግጥም»። አንዱማ «አይዞህ ወንድሜ፣ ትመለሳለች» ብሎ አጽናናው።

ከዚያ አንዲት ሴት ገባች። ብዙ የምትጽፍ አይደለችም። «ወንድሜ፣ እስቲ ጮክ ብለህ አንብበው» አለችው። «በጣትህ እየቆጠርክ። ሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ያጥርሃል።»

እኔም ቆጠርኩ። የመጀመሪያው ስንኝ ስድስት በስድስት ነው። አን-ቺ-ከ-ሄድሽ-ወ-ዲህ፤ ስድስት። ሌ-ሊ-ቱ-ረ-ዘ-መ፤ ስድስት። ሁለተኛው ግን ከ«ድሮ» በኋላ ዘጠኝ ሆነ። ሴትየዋ ቀጠለች። «በደስታ የምትለዋ ምን ትሠራለች? መሳቅ ውስጥ እኮ ደስታ አለ።»

ልጁ ጥቂት ቆይቶ ቃሏን አወጣት። «ልቤም እንደ ድሮ መሳቁን አቆመ» ሆነ። ልክ ገባ። ሴትየዋ ግን አልጨረሰችም።

«አሁን ገጠመ። ግን ልቤ መሳቅ አቆመ የሚለውን ሁላችንም ብለነዋል። የሄደችው ማን ናት?»

«እናቴ። ፍልሰታ ላይ አረፈች።»

ግሩፑ ጸጥ አለ። «ትመለሳለች» ያለው ልጅ ኮሜንቱን አጠፋ።

«ነፍሷን ይማር» አለች ሴትየዋ። «ታዲያ እናትህ ግጥሙ ውስጥ የት አለች?»

ሌሊቱን መልስ አልሰጠም። በማግስቱ ጠዋት ይህን ይዞ መጣ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሌሊቱ ረዘመ፣
አንዱ ሲኒ ሞልቶ ቀዝቅዞ ከረመ።

ከሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሯል። «ቡና ሲፈላ እህቴ ሳታስበው የእማዬንም ሲኒ ትቀዳለች።»

እኔ ግጥም ሲወለድ አይቻለሁ የምለው ያን ጠዋት ነው። ያዋለደችው ደግሞ ያቺ አንዲት ሴት ናት። የቀሩት ሁሉ ልብ ለጥፈው አለፉ። እኔም ልብ ለጥፌ ካለፉት አንዱ ነበርኩ።

ልጁ ገጣሚ ነኝ ብሎ አያውቅም። መጽሐፍም የለውም። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ስልኩ ላይ ይጽፋል። እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ቴሌግራሙን፣ ፌስቡኩን፣ ቲክቶኩን ሞልተውታል። ስለ እነሱ ሲወራ አንድ የተለመደ ክስ አለ። «ግጥም ረከሰ፣ ሁሉም ገጣሚ ሆነ» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጸሐፊው አልበዛም። አንባቢም አልጠፋም። የጠፋው አስነጋሪ ነው።

ቃሉን ከቅኔ ቤት ነው የተዋስኩት። የቅኔ ተማሪ ቀን ላይ ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ያስባል፣ ያወጣል፣ ያወርዳል። ይህ ቆጠራ ይባላል። ከዚያ የቆጠረውን ይዞ ይሄድና ለመምህሩ በቃሉ ይናገራል። ይህ ደግሞ ነገራ ነው። ተማሪ ሲበዛ መምህሩ ሁሉንም መስማት አይችሉም። ስለዚህ ከተማሪዎቹ የበሰለው ተቀምጦ ታናናሾቹን ይሰማል። እሱ ነው አስነጋሪ። ዜማው ሲሰበር ያስቆማል። ምሥጢሩ ሲላላ «ይህ አይሄድም» ይላል። ተማሪው ተመልሶ ይቆጥራል። ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ሲሳካለት ደግሞ «ይበል!» ይባላል።

የሚጀመረው ጉባኤ ቃና ከምትባለው ባለ ሁለት ቤት፣ ማለትም ባለ ሁለት ስንኝ፣ ቅኔ ነው። እየተደረጀ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። በዋሸራም ይሁን በጎንጅ፣ በዋድላም ይሁን በሌላ ጉባኤ ቤት፣ ማንም በአንድ ቀን መወድስ አልተቀኘም። በየቀኑ አንድ ሰው ሰምቶታል። በየቀኑ አንድ ሰው «አይሆንም» ብሎታል።

ኦንላይን ላይ ቆጠራው አለ። ነገራውም አለ፤ እንዲያውም ከልክ በላይ አለ። ልጁ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ለሺህ ሰው ይናገራል። ከሺህ ሰው መሀል ግን «ይህ አይሄድም» የሚለው አንድ ሰው አይገኝም። «ይበል» ደግሞ ሳይሰሙ ይሰጣል።

የአማርኛ ግጥም ከቤተ ክህነት ውጭም ቢሆን የብቻ ሥራ ሆኖ አያውቅም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቃል። ደንበኛው ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ይላል። ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ስንኙን ይደግመዋል፣ አዙሮም የራሱን ይጨምርበታል። ግጥሙ የማን ነው? የሁለቱም ነው። ለቅሶ ቤትም እንዲሁ ነው። አልቃሿ ታወርዳለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል። እንካ ስላንትያም ቢሆን ያለ መላሽ አይኖርም። እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያሳዩናል። እኛ ዘንድ ግጥም የሚቆመው ተቀባይ ሲያገኝ ነው።

ይህን ካየን ኢንተርኔት ለአማርኛ ግጥም ባዕድ አገር አይደለም። ለመልስ የተሠራ ነገር ነው። ታዲያ ለምን መልሱ ልብና ጭብጨባ ብቻ ሆነ?

ከመድረኩ አሠራር ልጀምር። ድሮ ግጥም ሰው ፊት እንዲደርስ በር ማንኳኳት ያስፈልግ ነበር። ጋዜጣም፣ መጽሔትም፣ ሬዲዮም አዘጋጅ አለው። አዲስ አድማስ ጋዜጣ ላይ «የግጥም ጥግ»ን ለማንበብ ቅዳሜን የጠበቅን ብዙ ነን። እዚያ ለመውጣት የላከ ደግሞ የበለጠ ይጠብቃል። ወጣ ወጣ፤ ካልወጣ ለምን እንዳልወጣ የሚነግረው የለም። ከዚያ ኢንተርኔት መጣ። መጀመሪያ አማርኛን በላቲን ፊደል ነበር የምንጽፈው። በዚያ ፊደል «ጠ» እና «ተ» ይምታታሉ። ቤት መድፋቱ እንኳ ለዓይን አይታይም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው በአውሮፓውያኑ 1999 ነው። ስልካችን ላይ ያለ ችግር ለመጻፍ ግን ዓመታት ወስዶብናል። ፊደሉ ስልክ ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተ። አዘጋጅ የለም፣ ወረፋ የለም።

ቴሌግራም እኛ አገር የግጥም ዋና ሰፈር የሆነው በምክንያት ነው። ዳታ ብዙ አይበላም። ድምፅ ለመላክ ቀላል ነው። ግን ሁለት ዓይነት ቤት አለው። አንዱ ግሩፕ ነው፤ እዚያ ሁሉም ይናገራል። ሌላው ቻናል ነው። ቻናል ላይ ባለቤቱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ለረጅም ጊዜ ቻናል ላይ መልስ መስጫም አልነበረም። ባለቤቶቹ በቦት የልብ ቁልፍ እየሰቀሉ ነበር የሚጠቀሙት። ኮሜንት የመጣው መስከረም 2013 ነው። የልብና የጭብጨባው ሪአክሽን ደግሞ ታኅሣሥ 2014። ያም ሆኖ ብዙ የግጥም ቻናሎች ኮሜንታቸውን ዘግተው ሪአክሽኑን ብቻ ትተዋል። ኮሜንት ጠባቂ ይፈልጋል፤ ተሳዳቢ ይገባል፣ ማስታወቂያ ለጣፊ ይገባል። አድሚኖቹን በዚህ አልወቅሳቸውም። ግን ውጤቱን እንየው። ገጣሚው የሚደርሰው መልስ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ሰው አየው፣ ይህን ያህል ሰው ወደደው። የትኛው ስንኝ እንዳንገዳገደው ቁጥሩ አይነግረውም።

ፌስቡክ ደግሞ በሌላ መንገድ ያጠምዳል። ረጅም ጽሑፍ መሀሉ ላይ ተቆርጦ «ተጨማሪ ይመልከቱ» ይላል። ስለዚህ ገጣሚው ኃይሉን ሁሉ የመጀመሪያ ስንኞች ላይ ያፈሳል። ብዙ ግጥሞች ሲጀምሩ ነጎድጓድ ሆነው ሲያልቁ ካፊያ የሚሆኑት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምክንያት እኛው ነን። ይሉኝታችን። ሰውን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው ብለን አድገናል። ኮሜንት ደግሞ በሰው ፊት ነው። ዘመዱም፣ አለቃውም፣ የቀድሞ ፍቅረኛውም ያነበዋል። ስለዚህ ስህተቱን ያየው ሰው ዝም ይላል፤ ወይም «ብዕርህ ይለምልም» ብሎ ያልፋል። በዚያ ላይ ብድር አለ። እሱ ትናንት የእኔን አድንቆልኛል። ዛሬ እኔ የእሱን ካላደነቅኩ ነገ የእኔ ግጥም ባዶውን ያድራል። ይህ ክፋት አይደለም። የዕቁብ ያህል ንጹህ ነገር ነው። ግን በዚህ ዕቁብ ውስጥ የሚሰበሰበው ሙገሳ ማንንም አያሳድግም።

አንድ የማውቃት ልጅ ከሦስት ዓመት በላይ በየሳምንቱ ስትለጥፍ ቆይታ ድንገት ተወችው። ለምን ብዬ ጠየቅኳት። «ጥሩም ስጽፍ መጥፎም ስጽፍ የሚሉኝ አንድ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ይህ አባባል ከአእምሮዬ አልወጣም። አንዳንዴ ሰው የሚጽፈውን የሚተወው ስለተሰደበ አይደለም። የሚለይለት ሰው ስላጣ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ልኬት ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚያ ነውና። የአማርኛ ግጥም በፊደል ብዛት አይለካም። የሚለካው በአፍ ነው። «ልብ» ስንል ፊደሉ ሁለት ነው፣ ትንፋሹ ግን አንድ። «መሳቁን» አራት ፊደል ነው፤ ስንለው ሦስት ይሆናል። የአብዛኛው ሰው ጆሮ የለመደው የወል ቤት ስድስት በስድስት ይሄዳል። ሰንጎ መገን አምስት በአምስት ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን አዘውትሮ የጻፈበት ስምንት በስምንት የጸጋዬ ቤት ተብሎ በስሙ ይጠራል። አንድ ሰው የራሱን ልኬት ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ልኬት የሌለው ስድ ግጥም መጻፍም መብት ነው። ችግሩ ሳያውቁት መስበር ነው። ልጁ «በደስታ»ን ሲጨምር ልኬት ልስበር ብሎ አልነበረም። አልሰማውም፣ በቃ። ስልክ ላይ በዝምታ ነው የጻፈው። እኛም በዝምታ ነው ያነበብነው።

ቲክቶክ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ግጥም በድምፅ ይሰማል እንጂ በጽሑፍ አይታይም። ከኋላው ክራር ወይም ዋሽንት ይገባል። ድምፁ የሚያምር ልጅ የተሰበረውን ስንኝ ጎትቶ ያስተካክለዋል፣ የበዛውን ቃል ዋጥ ያደርገዋል። ስንሰማው ያስለቅሰናል። ጽሑፉን ብናየው ግን ግማሹ ሙዚቃው እንደሠራው እናውቃለን። ሆኖም ድምፅን አልጠላም። ራስ ሆቴል ውስጥ ግጥም በጃዝ ሲቀርብ ያየ ሰው ድምፅ ለግጥም ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ልዩነቱ እዚያ ታዳሚው ፊት ለፊት አለ። ሲሰለቸው ይንጫጫል፣ ሲነካው ዝም ይላል። ገጣሚው ሁለቱንም ይሰማል። ስልክ ላይ የሰለቸው ሰው በጣቱ ገፋ አድርጎ ያልፋል። ገጣሚው መታለፉን እንጂ የት ላይ እንደታለፈ አያውቅም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የሴቶቹ ነገር ነው። አንዲት ሴት ስለ መለየት ስትጽፍ ከሥር የሚመጣው «ማነው የተወሽ?» ነው። ስለ ናፍቆት ስትጽፍ ኢንቦክሷ ይጨናነቃል። «እኔ አለሁልሽ» የሚል ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ይሰለፋል። ስለዚህ አንዳንዷ በብዕር ስም ትደበቃለች። አንዳንዷ ስለ አገርና ስለ እናት ብቻ ትጽፋለች። ፍቅርን ትታዋለች፤ ሐሳብ ስላለቀባት አይደለም፣ ሰላም ስለፈለገች እንጂ። ግጥም ውስጥ «እኔ» የሚለው ሰው የግድ ጸሐፊዋ አይደለችም። ወንድ ደራሲ በሴት አፍ ሲናገር «ግሩም አድርጎ ገባበት» እንለዋለን። ሴቷ ስትጽፍ ግን ማስታወሻ ደብተሯን እንዳነበብን ይመስለናል።

አንድ ሰው ሊጠይቀኝ ይችላል። ያቺ ሴትስ ልጁን «ማን ናት?» ብላ አልጠየቀችውም? ጠይቃዋለች። ግን ጥያቄዋ ወደ ግጥሙ ነው የተመለሰው። «ታዲያ ግጥሙ ውስጥ የት አለች?» ነው ያለችው። የኢንቦክሱ ሰውዬ ጥያቄ ደግሞ ግጥሙን ረግጦት ወደ ሴትዮዋ ይሄዳል። ሁለቱን ለመለየት የጥያቄውን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር መስማት ይበቃል።

ፖለቲካም እንዲሁ ጆሯችንን ይደፍናል። በአማርኛ የአማተር ገጣሚ ድምፅ ቀላል ሆኖ አያውቅም። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ግጥም ያነበቡት ሁሉ ያኔ ገና ተማሪዎች ነበሩ። ስለ ድሃው የጻፉት ከአዳራሹ ወጥቶ አገር አዳርሷል። ዛሬ ግን አንድ ግጥም ስለ አገር ከተጻፈ አንባቢው መጀመሪያ የሚፈልገው የጸሐፊውን ወገን ነው። የእኛ ከሆነ ደካማውም ግጥም «ታሪክ» ይባላል። የነሱ ከሆነ ጥሩውም ስድብ ይወርድበታል። በጦርነቱ ዓመታት ከሁሉም አቅጣጫ ሲፎከር ያነበብኳቸው ብዙ ስንኞች ዛሬ ሲነበቡ አንድ ዓይነት ናቸው። የሚገርመው፣ ቀረርቶና ፉከራ ባህላችን ውስጥ ከፍተኛ ጥበብ ያለባቸው ግጥሞች ናቸው። በሕዝብ ፊት ሲቀርቡ ጥሩው ከመጥፎው ይለይ ነበር።

የስርቆቱን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በኔም ደርሷል። አንድ ግጥሜን ብዙ ተከታይ ያለው ቻናል ላይ ያለ ስሜ አገኘሁት። ከሥር «ከፌስቡክ መንደር» ይላል። ለአድሚኑ ጻፍኩለት። «እኛ እኮ ብዙ ሰው እንዲያነብልህ ነው ያደረግነው» አለኝ። ለእሱ ውለታ ነበር። ለኔ ግን ልጄን ሰው መንገድ ላይ አንስቶ «ወላጅ የሌለው» ብሎ እንደመዘገበው ነው የተሰማኝ።

ብዙ ጀማሪ ገጣሚ «መጽሐፍ ስላላሳተምኩ፣ ስላላስመዘገብኩ መብት የለኝም» ብሎ ያስባል። ሕጉ እንዲያ አይልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው ሥራው ወጥ ከሆነና ከተጻፈ ወይም በሌላ መንገድ ከተቀረጸ በኋላ ነው። ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ጥራቱም አይጠየቅም። ገጣሚው በስሙ የመጠራት፣ ከፈለገም በብዕር ስም የመጠቀም ወይም ስሙን ያለመግለጽ መብት አለው። ሥራው ተዛብቶ ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይቀርብ የመቃወም መብትም አለው። የገንዘብ መብቱ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ይጸናል። እንግዲህ ማታ አልጋ ላይ ሆኖ የተጻፈች ሁለት ስንኝም በዚህ ጥላ ሥር ናት። ለሁለት ስንኝ ፍርድ ቤት የሚሄድ ግን አላየሁም። ስለዚህ በተግባር የሚጠብቃት ሕጉ ሳይሆን የአንባቢው ነውር አዋቂነት ነው። ቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ትልቅ ውርደት ነው። ቅኔው በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት። የኛ የኦንላይን ሰፈር ያንን ነውር አልወረሰም። ስም ቆርጦ ስክሪንሾት ማድረግ እንደ ጥፋት አይቆጠርም።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ገብቷል። ግጥም ሲለጠፍ «ቻትጂፒቲ ነው የጻፈልህ?» የሚል ኮሜንት ማየት ጀምሬያለሁ። አንዳንዴ ልክ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ምስኪኑ ልጅ ራሱ የጻፈው ነው። እኔ ግን ማሽኑ ከመምጣቱ በፊትም ማንም ሊጽፋቸው የሚችላቸው ስንኞች ሞልተው ነበር እላለሁ። «ልቤ መሳቁን አቆመ» ከእነዚያ አንዱ ነው። ሲኒው ግን ከአንድ ቤት ብቻ ነው የሚመጣው።

መድረኩ ራሱም ዋስትና የለውም። የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አገር ውስጥ ሲዘጉ እስከ ሐምሌ ድረስ በቪፒኤን ነበር የምንገናኘው። ስልኩ ቪፒኤን የማይችል ሰው ጠፋ። ያኔ አንዳንድ ሰው ግጥሙን ሁሉ ያስቀመጠው እዚያው ብቻ እንደነበር ገባው። ደብተር ላይ ገልብጡ። ይህን በዋዛ አልልም።

ወደዚያ ግሩፕ ልመለስ። ለምን እዚያ ተሳካ? ሰዎቹ ከሌላው የተለዩ ጎበዞች ሆነው አይደለም። ትንሽ ነው ግሩፑ፤ እርስ በርስ በስም ይተዋወቃሉ። ሁለት ልማድ አላቸው። አንደኛው፣ ግጥም የለጠፈ ሰው ያን ሳምንት የሌላ የሁለት ሰው ግጥም ላይ ሐሳቡን መጻፍ አለበት። ልብ አይቆጠርም። የሆነ ስንኝ ጠቅሶ «እዚህ ጋ እንዲህ ሆንኩ» ማለት ይጠበቅበታል። «እዚህ ጋ ጠፋብኝ» ማለትም ይቻላል። መጀመሪያ ሰው ይፈራል። ከወር በኋላ ግን ዓይኑ ይከፈታል፤ የሌላውን ሲያነብ የራሱን ያይበታል። በዚያ ላይ ሰውየውን ሳይሆን ስንኙን ነው የሚነኩት። «አንተ አትችልም» የሚል ቃል እዚያ አላየሁም።

ሁለተኛው ልማድ የኔ ተወዳጅ ነው። «ተቀበል» ይሉታል፤ ከአዝማሪ ቤት የመጣ ነው። ዓርብ ማታ አንድ ሰው ሁለት ስንኝ ይሰጣል። ሌላው በዚያው ልኬት ሁለት ስንኝ ይመልሳል። አዲስ አበባ ያለው ይልካል፣ ደሴ ያለው ይመልሳል። ዋሽንግተን ያለው በምሳ ሰዓቱ ይገባል። ግጥም በግጥም ሲመለስ ሙገሳ ቦታ የለውም። የምትመልሰው ስንኝ ውስጥ የሰውየውን ስንኝ ምን ያህል እንደሰማኸው ይታያል። ካልሰማኸው መልስህ ከጎኑ ቆሞ ይቀራል። ከሰማኸው ይገጥማል። እርማትም ሙገሳም በአንድ ላይ ናቸው። ይሉኝታው ይቀራል፣ ምክንያቱም ጨዋታ ነው። ደግሞም ያደግንበት ጨዋታ ነው።

የሲኒው ግጥም ዓርብ ደረሰ። ልጁ ራሱ ነው «ተቀበሉኝ» ብሎ ያቀረበው። ብዙ ሰው ሞከረ። አንዱ ስለ ሞት መለሰ፣ ሌላው ስለ ገነት። ጥሩ ጥሩ ነበሩ፣ ግን ሲኒውን ትተውት ሄዱ። አንዲት ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለች። የምትገባው አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ነው። እኩለ ሌሊት አልፎ በድምፅ ላከች። ቀስ ብላ ነው የምታነበው፣ እንዳይሰማባት።

ቡናው ሳይቀዘቅዝ ጎረቤት ጥራና፣
ሲኒዬን ስጣቸው፣ ቤቴ እንዳይሆን ኦና።

«እናቱ ብትመልስለት ምን ትለው ነበር ብዬ ነው» አለች።

ስድስት በስድስት ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ጣቴን ሳላነሳ ነው የቆጠርኩት።

ያቺ መጀመሪያ «ጮክ ብለህ አንብበው» ያለችው ሴት «ይበል» ብቻ ብላ ጻፈች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለማንም ስትል አላየኋትም።

ልጁ በሳምንቱ ግጥሙን ፌስቡክ ገጹ ላይ አወጣው። አሁን አራት ስንኝ ሆኗል። ሁለቱ የልጁ፣ ሁለቱ የእናት። ከሥር የሁለቱንም ጸሐፊዎች ስም ጻፈ፤ መጀመሪያ የቤይሩቷን ልጅ። ኮሜንት ላይ አንድ ሰው «ያቺ ሲኒ አሁንም ትቀዳለች?» ብሎ ጠየቀው።

«ትቀዳለች» አለ። «አሁን ግን ጎረቤታችን ናቸው የሚጠጧት።»